የቀለለው ዳቦ

በእኛ ሕንፃ አሳንሰሩ ከቆመ ዓመታት አለፉት፤
በሩን ሸረሪት ወረሰው፣ ቁልፎቹን ልጆች ነቀሉት።
ከተማው ጉምሪ ነው፣ አርመን፤ በረዶው እንግዳ አይባል፣
በኅዳር ሳያንኳኳ ገብቶ፣ በሚያዝያ ሂድ ሲሉት ያኮርፋል።

ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ወይዘሮ አርሻሉይስ ይኖራሉ፤
ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ ካለ ወዲህ
አይወርዱም፤ ቅርጫት ያወርዳሉ።
ገመዱ የልብስ ማስጫ ነው፣ ሰማያዊ፣ ሦስት ቦታ የተቋጠረ፤
ቅርጫቱ የወይን መልቀሚያ፣ ባላቸው በሕይወት ሳሉ የነበረ።

ከታች ባለሱቁ ህራቺክ አለ፤ አንድ እግሩ ሸንካፋ፣
ቤተ ክርስቲያን በዓመት አንዴ መጥቶ፣ በር ሥር ቆሞ የሚጠፋ፣
ጸሎተ ሃይማኖት ሲደገም መሐሉ ላይ የሚያንቀላፋ።

እኔ አራተኛው ላይ ነኝ። መስኮቴ የገመዱ መንገድ ዳር፤
ቅርጫቱ ሲወርድ ሲወጣ አያለሁ፣ ከጸሎት መጽሐፌ ጋር።
ሲወርድ ሳንቲም በመሐረብ፣ በእርሳስ የተጻፈ ብጣሽ፤
ሲወጣ ዳቦ፣ የደም ግፊት ክኒን፣ አንዳንዴም የአይብ ቁራሽ።
እውነቱን ልናገር፤ እንደ ወፍ ነበር የማየው፣
የሚያልፍ ነገር፣ የኔ ያልሆነ፣ አየር ላይ የተንጠለጠለው።

እሑድ ቄሱ ስለ ፍቅር ሲሰብኩ በቃሌ እይዘዋለሁ፣ አንድ ቃል አይጎድል፤
ደረጃው ላይ የድንች ጆንያ የከበዳትን
«ያበርታሽ» ብያት አልፋለሁ። «ያበርታሽ» ግን ጆንያ አያዝል።

አንድ ምሽት በዐቢይ ጾም፣ ተንበርክኬ ሳለሁ በጸሎት፣
መስኮቴ ተንኳኳ። ዝም አልኩ። አሜን ሳልል አልከፍትም ለማንም ፍጥረት።
ደግሞ ተንኳኳ። ደግሞ። እኔ ልመናውን በጣቴ እየቆጠርኩ፣
ስለ ዕለት እንጀራ ሁለቴ ለምኜ፣
አማትቤ፣ ቀስ ብዬ ከፈትኩ።

ነፋሱ ቅርጫቱን ከመስኮቴ ብረት አጣብቆታል።
ከላይ አንድ ያረጀ እጅ ገመዱን ይነቀንቃል፣ ያርፋል፣ ይነቀንቃል።
በረዶውን ጠረግሁ። ከሥሩ ብጣሿ ወረቀት ነበረች፦
«ጡረታዬ አልመጣም ልጄ። ግማሽ ዳቦ ትበቃኛለች።»

ፈታሁት። ወረደ። ታች የህራቺክ ባትሪ ብልጭ አለ።
ሲመለስ ሙሉ ዳቦ ነው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ፤
ሁለት እንቁላል በጋዜጣ፣ በገለባ የተደላደለ።
በማግሥቱ ሱቅ ወርጄ የዱቤ መዝገቡን ሰረቅ አድርጌ አየሁ፤
የሁላችንም ስም አለ፤ የእሳቸውን ብፈልግ አጣሁ።
እኔም አለሁበት፤ ለቤተ መቅደስ በዱቤ ለወሰድኩት ሻማ።
ጉልበቴ በመንበርከክ ሻክሯል፤ እጄ ግን፣ ምን ልበል፣ እንደ ሸማ።

ከዚያ ወዲህ ቅርጫቱ ሲወጣ እጄን በመስኮት እሰዳለሁ፤
የአፕሪኮት ማርመላታ፣ ወይ ሾርባ በጣሳ እጨምራለሁ።
«ህራቺክ!» ይጮኻሉ ከላይ፣ «የማርመላታህ ስኳር በዛ!»
«እሺ እናቴ» ይላል ራሱን እያከከ፤ ማርመላታ እሱ መች ገዛ!

ዘንድሮ እጃቸው ደከመ። ገመዱ እየተንቀጠቀጠ፣
ቅርጫቱ ገና ሁለተኛው ፎቅ ደርሶ መስኮት ደፍ ላይ ተቀመጠ።
ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ እዚያ ያለው ፖሊስ ይመስለኛል፤
ሲጋራውን በከንፈሩ ነክሶ፣
በመጥረጊያ እንጨት ከሥር ደግፎ ወደ እኔ ያደርስልኛል።
እኔ በክንዴ አነሣለሁ። ስድስተኛው ላይ ናዝኒክ
የቫዮሊኗን ቀስት አስቀምጣ ትቀበለኛለች።
ሰባተኛው ላይ ቫሃግን፣ ከሚስቱ ሲጣላ ሌሊቱን የምንሰማው፣
ጥሉን ለአፍታ አቁሞ፣ በሸሚዝ ብቻ ሆኖ ብርዱ እየቆነጠጠው፣
እጁን ይዘረጋል።
ማንም ከማንም አልተማከረም።
ደረጃ ላይ ስንገናኝ ስለ በረዶው እንጂ ስለዚህ አናወራም።

የእማማ ዓይን ከመስኮቱ ደፍ ወዲያ አያይም።
ትናንት ማታ ጮኹ፣ ሕንፃው በሙሉ እስኪሰማ፦
«ህራቺክ! ዳቦው ቀለለ! ከዱቄቱ ትሰርቃለህ? አይ ሰው፣ አይ ከተማ!
እግዜርን ፍራ! አምና ስስበው ክንዴን ሊቆርጠው ነበር፤
ዛሬ እንደ ላባ ነው። እንዲህ ነው እንዴ ከጎረቤት መኖር?»

መስኮቶቹ ሁሉ ዝም አሉ።
ፖሊሱ ሳቁን ዋጠ። ናዝኒክ መብራቷን አጠፋች።
እኔ አፌን ከፍቼ ነበር፣ «እማማ፣ እሱ እኮ...» ልል።

ታች በረዶው ውስጥ ህራቺክ ቆቡን አወለቀ፤
ስድቡን እንደ መልስ ሳንቲም ቆጥሮ ኪሱ ከተተ።
«ይቅርታ እናቴ» አለ። «ነገ አከብደዋለሁ።»