ፌዝና መሬት

ሰኞ ገበያ ውስጥ፣ በይመር ሱቅ በራፍ፣
የጦሳ ጉም ወርዶ ጣራ ጣራ ሲያልፍ፣
ሁለት ነጫጭ ሶኬት ከባንኮው ላይ ቀርቧል፤
አንዱ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ያወጣል፣
ሌላው መቶ አሥር። መልካቸው ግን አንድ ነው፤
ያው ክቡ፣ ያው ንጣቱ፣ ያው ስም የተጻፈው፣
ከስሙ መሐል ብቻ አንዲት ፊደል ጠፍታ
ሌላ ቆማለች፣ ያልተጠራች፣ በሷ ቦታ።

"ያው አይደለም እንዴ?" አሉኝ እትየ ጦይባ፣
"ማን ገልጦ ሊያየው ነው ግድግዳ ውስጥ ሲገባ?"
ሆጤ ላይ ሁለት ክፍል፣ ልስኑ ያልደረቀ፣
አሥራ ሁለት ቀዳዳ አፉን ከፍቶ የጠበቀ፤
ገንዘቡ ከነጠላቸው ጫፍ ላይ ተቋጥሮ፣
"ልዩነቱን አባዛው! አይገዛም ቆርቆሮ?"

አፌን ይዤ እጄን ለቀቅኩት፤ እሱ ይሻላል።
መዘንኩ። ደህናው ከመዳፍ ላይ ይከብዳል፣
ሌላው ነቀዝ እንደበላው ባቄላ ቅልል ይላል።
ማግኔት አለኝ፣ ከተጣለ ስፒከር የተነቀለ፣
ነሐስ ዞር ብሎ አያየውም፤
ያኛው ግን ገና ሳስጠጋው ቀጭ አለ።
ላዩ ወርቅማ ቅብ፣ ውስጡ የጣሳ ልጅ፣
ጌጥ ተውሶ የቆመ ከሰው ሰርግ ደጅ።

ጠርዙን በክብሪት ነካሁት።
"ኧረ በአላህ፣ ሱቄን!" አለ ይመር።
ደህናው ቢሆን እሳቱ ሲነሳለት እሱም ይበርድ ነበር፤
ይሄ ክብሪቱን ካራቅኩ በኋላ
ብቻውን ነደደ፣ እንደ ጧፍ ተንጠባጠበ፣
ጥቁር ሽታው ጣራ ሥር ተሰበሰበ።

እፍ ብዬ አጠፋሁት። ከጀርባው ፈታሁት።
ከግራና ከቀኝ ሁለት የመሬት ጥርስ።
የደህናው ጥርስ ከብሎን፣ ብሎኑ ከሽቦ፣
ሽቦው እስከ አፈር ድረስ።
የዚህኛው ጥርስ ከምንም አልታሰረም።
ዝም ብሎ ይስቃል።

"እትየ፣" አልኩ፣ "በኛ ሙያ
እሳት የተሸከመው ሽቦ ስሙ ፌዝ ነው።
እዚህ ላይ ፌዙ የምር ነው፤
ፌዝ የሆነው መሬቱ ነው።"

አልሳቁም።
"ለመሬት" አሉ "አሥራ አንድ ዓመት ቀበሌ ደጅ ጠንቻለሁ።
መሬት የሌለው ቤቴ አይገባም።"

ኮምቦልቻን ግን አልነገርኳቸውም።
ከቦርከና ድልድይ ማዶ፣ የአህመዲን ፀጉር ቤት፤
ሒሳብ የተቀበልኩት በደህናው ዋጋ፣
የቀበርኩት ይሄንኑ፣ የዚህን ወንድም።
ሌሊት ነበር፤ ሰው አልነበረም፤
የፎጣው ማሞቂያ፣ ሁለት ወንበር፣ መስተዋቱ፣ መጋረጃው።
አህመዲን መብራት ኃይልን ረገመ።
እኔም አብሬው ረገምኩ።
ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ቀባንለት፣
ጥቁሩ ሦስት ጊዜ ተመልሶ ወጣ፣
የመዳፍ ቅርጽ ይዞ፣ ጣቶቹን ወደ ጣራ ዘርግቶ።

እትየ ጦይባ ቋጠሮውን ፈቱ፤ ሁለቴ ቆጠሩ።
ለአሥራ ሁለት ርካሽ የመጣው አራት ደህና ሊገዛ
ሰማንያ ብር ጎደለው፤
ይመር እያጉረመረመ ማረላቸው።
"ስምንቱ ቀዳዳ በካርቶን ይደፈን፤
ተከራይ ሲመጣ፣ አላህ ሲል።"

ጠርዙ ያረረውን እኔ ከፈልኩ።
ኪሴ ከተትኩት፣ ከማግኔቱ ጋር።
ወደ ሆጤ ሽቅብ ስንወጣ
እሳቸው በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ዋጋ እየጠሩ፣
ሁለቱ ኪሴ ውስጥ ተጣብቀው
በየእርምጃው ጭኔን ነካ ያደርጉኛል።