እስከ ኒሙ ጫፍ

ሐሙስ ከሰዓት ነው ደብዳቤው የመጣ፣
የቀኑ ወበቅ ከግንብ ሲወጣ።
ማኅተሙ አልደረቀም፣ ጣቴን አጠቆረው፤
መናፈሻው በር ላይ እኔው ለጠፍኩት፣ እኔው ልጠብቀው።
«ስለ ድሮን» ይላል ርእሱ፤ አንቀጹ ሦስት ነው፤
ሁለቱ ገቡኝ፤ ሦስተኛውን ግን ሐምዲ ትፍታው።

ሐምዲ የአዲስ ከተማ ልጅ፣ ዘጠነኛ ክፍል፣
ከታይዋን ገበያ፣ ከአሮጌ ዕቃ መሃል
ክንፈ ሰባራውን በርካሽ ለቅማ
በጄሪካን ቁራጭ ጠገነችው፣ በረመዳን፣ ያውም ጾማ።
መጀመሪያ ቀን ሲነሣ፣ እንደ ተርብ ሲያጉረመርም፣
ባጃጆች ቆሙ፤ ጫት ሻጮችም ቆጠራ ተዉ፤
ሥራ ላይ የቀረ ሰው አልነበረም።

ስልኳን አሳየችኝ፤ በድሬ ወግ፣ ያለ አንቱታ፦
«ጋሼ ባይሳ፣ ይኸው አንተ!»
ሠላሳ ዓመት ምድር ባቡር ሠርቻለሁ፤
ሐዲዱን በእግሬ እንጂ በዓይኔ መች አውቀዋለሁ?
ከላይ ሲታይ ስፌት ነው፣ ከዚራ ጫፍ የተጠቀመ፤
ደቻቱም ነጭ አሸዋ፣ ውኃውን የተቀማ፣ ዝም ያለ።
እኔ?
ኮፍያዬ ብቻ። የለስላሳ ቆርኪ ታህላለች።

ከዚያ አዴ ኩልሱም መጣች፣ ሽርጧን አጥብቃ፦
«ድሬ ላይ በግንቦት ማን ቤት ይተኛል? አንተ ነህ ጥበቃ?
አልጋችን ግቢ ነው፣ ጣሪያችን ኮከብ፤
ዓይን ያለው ነገር ከላይ ሲያንዣብብ
እንዴት ልገላበጥ?
ለባሌ ያላሳየሁትን ለባትሪ ላሳይ?»
እውነቷን ነው። ዝም አልኩ፤ ወደ ሰማይ ላይ ላይ።

ሎተሪ አዟሪው ግን አቤት አላለም፤
ከሰሜን መጣ ይባላል፤ ስሙን አልነገረንም።
ያ ድምፅ ሲነሣ አየሁት፤ ትኬቱን በትኖ
አግዳሚው ሥር ገባ፣ ጉልበቱን አቅፎ፣ ትንሽ ልጅ ሆኖ።
ሐምዲ ወዲያው አወረደችው።
ትኬቶቹን ለቀመች፤ አቧራቸውን አራግፋ፣
በቁጥራቸው ደርድራ ሰጠችው።

እና አሁን ደንብ።
አንደኛ፦ በሶላት ሰዓት አይነሣም።
ሁለተኛ፦ ከአጥሩ አልፎ የሰው ግቢ አያይም።
(ይኼን አዴ ኩልሱም ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ፣
«ግቢ» የሚለው ላይ ጣቷን ተክላ።)
ሦስተኛ፦ «ከፍታው ከዛፍ አይበልጥም።»

የቱ ዛፍ?
ከሐምዲ ጋር ዞርን። ችግኞቹ ጉልበቴ ላይ ናቸው፤
በእነሱ ከተለካ፣ ድሮኑም እንደ ዶሮ መሬት ሊጭር ነው።
ሌላ አገር «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚሉት፣ እዚህ ዛፍ ብቻ የምንለው፣
ቀይ አበባው ያምራል፤ ግን መንሰራፋት እንጂ መርዘም አይሆንለትም።
ከቧንቧው አጠገብ ኒሙ አለ።
ማዘጋጃ ቤት ደወልኩ። «ረጅሙን ያዝ» አለኝ አንዱ፤
ምሳ ላይ ነበር፤ አፉ ሙሉ ነበር።
በጥላው ለካነው፣ በዱላዬና በደብተሯ፦
አሥራ አራት ሜትር ከስንዝር።

ከማስነሣቷ በፊት ወደ አግዳሚው ትሄዳለች፤
«ጋሼ፣ ላስነሣው ነው» ትለዋለች።
ትኬቱን ኪሱ ይከታል፣ ራሱን ይነቀንቃል።
አንዳንድ ቀን «ቆይ» ይላል።
ትቆያለች።
ይኼ አንቀጽ ደብዳቤው ላይ የለም።

ሰው ሲበተን በሩን ዘግቼ ቧንቧውን እከፍታለሁ፤
ለአበባው አንድ ጄሪካን፣ ለኒሙ ሁለት፣
ወገቤ ከፈቀደ ሦስት እሸከማለሁ።
በሩ ላይ ያለውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤
ውኃ ማጠጣት ክልክል ነው የሚል አላገኘሁም።
ባለፈው እሑድ እንደገና ለካነው፤
ሐምዲ ደብተሯን ዘጋች፤ ሳቋን ዋጠች፤ እኔም አልሳቅሁም።
ስንዝሩ ሁለት ሆኗል።