አምስት መስመር

ቅጹ እንዲህ ይላል፦ «ጥሪሽን ግለጪ፣
በአምስት መስመር ብቻ፤ ከዚያ እንዳትበልጪ።»
ሁለት ሳምንት ሆነው ከትራሴ ሥር፤
የእርሳስ ቁራጭ ይዤ መጻፍ ስጀምር
መብራቱ ይጠፋል፣ ኮቺ ይጨልማል፤
የጅማ ዝናብ ነው፣ ሰው አያናግርም፣ ቆርቆሮ ይደበድባል።

ቻድ ነው የሚልኩኝ። በካርታው፣ ከጅማ
አንድ ስንዝር አትሞላም ሳርህ የምትባል ከተማ።
አርባ ሁለት ልጆች። ፎቶ ልከውልኛል፤ ሁሉም ያያል ወደ ካሜራው፣
አንዲቷ ልጅ ብቻ ጀርባዋን ሰጥታለች፤
እኔን የጠራኝ ያ ጀርባ ነው?

ሳሙኤል ተጠራ፣ ሦስቴ፣ በሌሊት፣ በስሙ፤
እኔን የሚቀሰቅሰኝ የባጃጅ ጥሩንባ፣ የጎረቤት ሕፃን፣ የጥርሴ ሕመሙ።
«እነሆኝ» ብዬ ቆሜ አውቃለሁ፣ በባዶ እግሬ፣ በሌሊቱ፤
ዝም። ከታች ብቻ፣ ሞልቶ የሚያጉረመርም አዌቱ።

መጋቢ ጉደታ እንደ ዔሊ ናቸው፤ ዓይናቸው ፈዟል፤
በሸሚዛቸው ጫፍ መነጽር ወለወሉ፣
«ሂጂና ተኚ» ብለው ሸኙኝ፤ ዝናቡም አባርቷል።
«ከጠራሽ ይደግማል። ካልደገመ፣
እንቅልፍ ማንን ጎዳ? ማንስ ታመመ?»

ግን ለሳቸውም ያልነገርኳቸው
አንድ ነገር አለ። በግንቦት በቃሉ አጋሮ ሄዶ ሌላ አገባ፤ ድንኳኑን ያየችው
እህቴ ናት፤ «አምሮበታል» አለች፣ ሳልጠይቃት።
እኔ በሰኔ ይህን ቅጽ ጠየቅሁ።
እንግዲህ፣ ጌታ ሆይ፣ ጠርተኸኝ ነው ወይስ ሸሸሁ?

ዮናስ ወደ ተርሴስ ሲሸሽ የመርከቡን ዋጋ ራሱ ከፍሏል፤
የኔን ቲኬት ግን ምእመን ያዋጣል።
ነነዌዬ ኮቺ ብትሆንስ? ተርሴሴ ቻድ ብትሆንስ?
እንባ እየጠረጉ፣ በእልልታ፣ ወደ ሽሽቴ ቢሸኙኝስ?

መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ፣ እኔ ክፍል፣ ፉአድ የሚባል አለ።
አራት ዓመቱ ነው። ይናከሳል። ሰኞ ክንዴን ነከሰና
«ጥርሴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለ።
እንደ ቀበሌ ማኅተም ሰማያዊ፣ ክብ፤
ገላዬን ስታጠብ አየሁትና ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ግን ልብ
አልኩ፦
እኔ ፉአድን አልወደውም። ይኸው፣ ወጣ።
ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ሲመጣ
ሆዴ ይጨማደዳል። ለማያውቁኝ አርባ ሁለት
የሚያለቅስ ልቤ፣ ለዚህ ለአንዱ የለውም ትዕግሥት።

እናቱ ነጂሃ ሄርማታ አቮካዶ ትሸጣለች።
«ልትሄጂ ነው አሉ» አለችኝ ትናንት፤ ፌስታል ሞልታ አቀበለች፣
ሒሳብ እምቢ አለች። «እነዚያስ አላህ አለላቸው፤
ይኼን ግን ከአራት ቤት ነው ያስወጡት፤ አንቺ ነሽ አምስተኛቸው።»
እጄን በክንዴ ላይ፣ በማኅተሙ ላይ አደረግሁ፤
እንዳታየው ነው ወይ? እኔ እንጃ። አቮካዶውን ተሸክሜ በእግሬ ተመለስሁ።

ዛሬ ጠዋት ጫማውን አዛውሮ መጣ፣ ግራውን በቀኝ፤
ተንበርክኬ ሳስተካክል አንገቴ ላይ እየተነፈሰ ጠየቀኝ፦
«እዚያም ልጆች ይናከሳሉ?»
«እኔ እንጃ» አልኩት፣ «ምናልባት አሉ።»
ጥቂት አሰበበት፤
ጥርሱን በምላሱ ቆጠረና፣
«ከነከሱሽ ጥሪኝ» ብሎ ሮጠ፣ ሸርተቴው ወዳለበት።

ማታ ነው። መብራት አለ። ዝናቡ ዛሬ ሌላ ሰፈር ሄዷል።
ቅጹ ፊቴ ነው፤ ነገ ፖስታው ይታሸጋል።
በመጀመሪያው መስመር ስሙን ጻፍኩ፣ የአባቱን ጨምሬ፤
ሰረዝኩት፤ መልሼ ጻፍኩት። ከሥሩ፦
«ይደግም እንደሆን እየጠበቅሁ ነው፣ እስከ ዛሬ።»
ሦስቱ መስመር ባዶ ነው።
ከታች አዌቱ ያጉረመርማል።
እኔም፣ እንደተባልኩት፣ ልተኛ ነው።