አመድ ውስጥ ያደረ

ሂርማታ መርካቶ፣ ከቆርቆሮ ተራ ጀርባ፣
ሸምሱ አባዲጋ ጋ ለሙያ ስገባ፣
አሥራ ሰባት ዓመቴ፣ እጄ ችኩል ነበር፤
ጥቅምት ሆኖ እንኳ የጅማ ዝናብ ጣራው ላይ ሲያድር።

ከሰቃ አመጡ አንድ ጥርሳም መዘውር፣
ቀይ ቡና የሚልጥ፣ ወገቡ የተሰበር።
“ጊዛ ነው” አለ ሸምሱ፣ በጣቱ አንኳኩቶ፤
ድምፁ እንደ ደወል አልረዘመም፣ ዱብ ብሎ ቀረ ተኝቶ።

ባለቤቱ ደጅ ቆሟል፣ ፍሬው ሊቦካበት፤
በየደቂቃው ሰዓት ያያል፣ ጀንበር ሊጠልቅበት።
ሸምሱ በየደውና ለመግሪብ ወጣ፣ “እንዳትነካው” ብሎኝ፤
እኔን ግን የባልዲው ውሃ ጠራኝ።

ብየዳው ገና ፍም ነው።
በጉጠት አንስቼ ነከርኩት።
ጧ!
አንድ ቃል ብቻ።
ከጥርስ እስከ ጥርስ ሄደ፣ እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ።

ሸምሱ አልጮኸብኝም።
ስባሪውን አምፖሉ ሥር አዙሮ አሳየኝ፦
ከብየዳው ዳር ነጭ፣ እንደ ባልጩት የሚያብለጨልጭ፤
ከመሃል ግራጫ።
ጣቴን አስነካኝ፤ እርሳስ የነካሁ ይመስል ጠቆረች።

“ይሄ ከሰል ነው፤ ብረቱ ውስጥ ያድራል፤
ጊዜ ከሰጠኸው እንደ ቅጠል ተነጥፎ ቦታውን ይይዛል፤
ስታጣድፈው መተኛ ያጣና ከብረቱ ጋር ይቆራኛል፤
ነጭ፣ መስታወት፣ ሞረድ የማይደፍረው ይሆናል።
ጠንካራ ነው፣ አልዋሽህም፤
መቻል ግን አያውቅም።”

ያን ሌሊት ፍም ከበን መዘውሩን ሙሉ አጋልን፤
ጥርሱም እምብርቱም እኩል እስኪቀላ ሳንነጋገር ጠበቅን።
እንደገና በየደው። ሳይበርድ በርሜል አመድ ውስጥ ቀበርን፣
በቆርቆሮ ከደንን፣ ድንጋይ ጫንን።
ባለቤቱ ተሳድቦ ሄደ። አዌቱ ሞልቶ ሲያጓራ አደረ።
እኔም ከበርሜሉ ጎን፤
እጄን ባስጠጋሁ ቁጥር ሙቀቱ አልሄደም፤ ነበረ።

በማግስቱ ረፋድ አወጣነው፣
ለብ ያለ፣ ከዶሮ ሥር እንደ ወጣ እንቁላል።
ትናንት ሞረድ ያንሸራተተው ዳር
ዛሬ ተነከሰ፤ ጥቁር ዱቄት ረገፈ።

ሸምሱ የባልዲውን ውሃ ደፋ፣
ገልብጦ ተቀመጠበት።
“በል ሻይ አምጣ” አለኝ።
ስፈተለክ ከኋላዬ ጠራኝ፦
“ቀስ ብለህ!”