እዚህ ነበር

ነሐሴ ሲጋመስ፣ ጎብኚ ሲጠፋ፣
ባጄን አንጠልጥዬ ከፋሲል ግቢ በር ቀኔን ስገፋ፣
አንዲት ሴትዮ መጣች፤ ጃንጥላዋ ቢጫ፣
ፀጉሯ ግማሽ ሽበት፣ ጫማዋ የሩጫ።
«ሊን» አለችኝ በአጭሩ። የኔን ስም ግን አቃታት፤
«አዛናው» ስላት፣ መሃሉን ስትይዝ ዳሩ ጠፋባት።

እኔ በአማርኛ፣ ስልኳ በቻይንኛ፣
ስንዞር አረፈደን፤ በመሃላችን የኪስ ዳኛ።
«እዚህ ነበር ንጉሡ የሚያድረው፣
እዚህ ነበር አንበሳው የሚታሰረው፣
እዚህ ነበር ግብሩ፣ እዚህ ነበር ጠጁ»፤
ጣሪያ የሌለው እልፍኝ፣ መዝጊያ የሌለው ደጁ።
አሥራ አንድ ዓመት እንጀራዬ ይኸው ነው፦ የሌለን ማሳየት፣
ሰውን ሣር ላይ አቁሞ፣ አዳራሽ ገባህ ማለት።

በባጃጅ ወርደን ከመዋኛው ስንደርስ ዝናቡ ወረደ፣
ሰማዩ እንደ አሮጌ ጆንያ ከሥሩ ተቀደደ።
ሥሩ ግንቡን ካቀፈው ዛፍ ተጠጋን፣ ከባዶው ገንዳ ዳር፤
ከዚያ ወዲያ የምሄድበት፣ የምናገረውም አልነበር።
ሊን ስልኳን ወደኔ አዞረች፤ ስልኩም በራሱ አማርኛ፣
«ክቡር ተመልካች ሆይ፣ ቁጭ በል፤ አሁን እሷ ነች አስጎብኚኛ።»

ሰላሳ በመቶ ባትሪ። ጉዞው ከሺያን ጀመረ፤
ብስክሌት የሚነዳ ሕዝብ በግንብ አናት ከተማ የዞረ፤
«የኛ ግንብ ላይ ብስክሌት ባወጣ፣» አልኩ በሆዴ፣
«ቅርስ ጥበቃ ይበላኝ ነበር ከነዘመዴ።»
ቀጥሎ የሸክላ ጦር፤ ሺህ ሆኖ ፊቱ የማይደገም፣
አፈር ውስጥ ዘብ የቆመ፣ ጌታው ቢሞትም።
የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ መጣብኝ፣
እነዚያ መላእክት፣ በየት በኩል ብቆም ዓይናቸው የማይለቀኝ።

ሃያ ሁለት። ቾንግቺንግ። ባቡር በፎቅ ሆድ ገብታ በወዲያ ስትወጣ አየኋት፤
እዚያ ማንም ቀና አላለም፤ እኔ አጨበጨብኩላት።
ጭጋጉን ግን አወቅሁት፤
ዳባት መንገድ ላይ ስንት ጠዋት እስኪገፈፍ የጠበቅሁት።

ጉይሊን፤ አረንጓዴ ጉልላት የመሰለ ተራራ ከወንዝ ዳር፤
ሽማግሌ በቀርከሃ ታንኳ፣ ጥቁር ወፍ ይዞ ዓሣ ሲያሳድር... 
አይ፣ «ሲያጠምድ» ማለቱ ነው፤ ስልኩ ነው የተሳሳተው።
«ወፉ አንገቱ ታስሯል፤ ትልቁን ዓሣ እንዳይውጠው።»
«ያን ገመድ አውቀዋለሁ፣» አልኩ፤ «የኔም ድርጅት ያስራል፤
ትንሿ ለኔ ትወርዳለች፤ ትልቁን ቢሮ ይበላል።»
ምን ብሎ እንደነገራት እንጃ፤ እሱ ነው የሚያውቀው፤
ሊን ሳቀች፣ ጃንጥላዋ ከእጇ እስኪወድቅ፣ ነፋስ እስኪወስደው።

ከዚያ የድንጋይ ዓምዶች፣ ወገባቸው በደመና የታጠቀ፤
እኔ የደባርቅ ልጅ ነኝ፤ ከኔ ገደል ማን አወቀ?
ግን ጭላዳ የሌለው ተራራ
አሳዘነኝ፣ ልጆቹ ጥለውት እንደሄዱ አዛውንት፣ ብቻውን ሲያንጎራጉር ለደመና ጭፍራ።

ዘጠኝ በመቶ።
ሰፊ ውሃ። አንድ መርከብ። ሌላ ምንም።
ዝናቡ አባርቷል፤ እሷ ግን ስልኩን አላናገረችም።
ጣቷን ከውሃው መሃል አሳርፋ፣
ከጠዋት ጀምሮ ከአፌ ለቅማ፣ አጠራቅማ፣ ሰልፋ፣
በራሷ ምላስ፦
«እዚህ — ነበር።»
አልገባኝም። ደግማ ነካችው፦ እዚህ የእናቷ በር፣
እዚህ የብርቱካኑ ዛፍ፣ እዚህ የአባቷ መቃብር።
ግድብ ተሠራ፤ ውሃው ወጣ ደረጃ በደረጃ፤
ቤቱን ዓሣ ወረሰው፣ ያለ ፍርድ፣ ያለ ማስረጃ።

ገንዳው ባዶ ነው፤ ቀሃ እስኪሞላው፣ ጥር እስኪመጣ ድረስ።
የሷ ቤት ሙሉ ነው፤ ማንም አይጠብቅም ውሃው እስኪፈስ።
ይህን ልነግራት ነበር፤
ስልኩ ጠፋ።

ሂሳቤን ዘረጋች። ግማሹን መለስኩ። እምቢ አለች።
በቲኬቱ ጉራጅ ጀርባ ደረሰኝ ጻፍኩ፤ አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች፦
«አስጎብኚ፣ ሊን። ጎብኚ፣ አዛናው። የታየው ስፍራ፦»
እሱን ሳልሞላ ተውኩት፤ ባጃጁ ጥሩንባ ነፋ፣ ተጣራ።

በማግስቱ ባልና ሚስት መጡ፣ ከደሴ፤ ጫማቸው ጭቃ።
አንበሳው ቤት አደረስኳቸው፤ የለመድኩት ቃል ሊወጣ ሲነቃ፣
በኔ አፍ አልወጣም፤ በሷ አነጋገር፣
መሃሉ ላይ ቆም ብሎ፦
እዚህ —
ነበር።