ሽታው ይቀድማል

ከስቴልቪዮ ግርጌ፣ መንገዱ ተጣጥፎ ከሚያልቅበት፣
ኖትቡርጋ ጋራዥ አላት፣ አባቷ የተወላት።
መኪናው ሳይታይ ሽታው ነው የሚደርስ፣
የነደደ ሸራ፣ ጉሮሮ የሚጠብስ።
«መጣ አንዱ» ትላለች፣ ቀና እንኳን ሳትል፣
እኔ ክሪክ ስጎትት፣ ወደ በሩ ስል።

ዛሬ ሎሪስ ነበር፣ የቤርጋሞ ጎረምሳ፣
ከመሪው ላይ እጁን መልቀቅ የረሳ።
በየቸርኬው መሀል ቀይ ካሊፐር ያበራል፣
ዲስኩ ተበሳስቶ ወንፊት ይመስላል።
«ሁለት ደሞዜ ነው ያረፈበት» አለ፣
«ሠላሳኛው ጥምዝ ላይ ፔዳሉ እንደ ሊጥ ከእግሬ ሥር ኮበለለ።
በእጅ ፍሬን፣ በማርሽ፣ ግንቡን እየታከክሁ፣
እንዴት እንደ ወረድሁ እኔም አላወቅሁ።»

እሷ ቀዩን አላየችም።
ኮፈኑን ከፍታ የፍሬን ዘይቱን ክዳን ፈታች፤
የቆየ ሻይ መስሏል። ጣቷን ነክራ አሸተተች።
«ይሄ መቼ ተቀየረ?»
ሎሪስ መሬት መሬት አየ። ጥያቄው እዚያው ቀረ።

«ይሄ ዘይት ጠጪ ነው፤ እርጥበት ከአየር ይልሳል፣
ዲስክህ ሲግል የጠጣው ውሃ ይፈላል፣
እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ይጨመቃል እንጂ አይገፋም፤
አንተ የረገጥኸው አረፋ ነው፣ ጉልበትህ ሸራው ጋ አልደረሰም።

«ትልቅ ዲስክ ክፉ አይደለም፤ ለሙቀት ሰፊ ጎተራ ነው፣
ግን አንዴ ለመቆም ሳይሆን ደጋግሞ ለመቆም ነው።
መኪናህን የምታቆመው» አለች፣ ጎማውን በእግሯ መታ አድርጋ፣
«መዳፍ የምታክል ላስቲክ ናት፣ አስፋልት ላይ ተጣብቃ የምትተጋ።
ያንተዋ ራሰ በራ ሆናለች።»

ከቀይ ቅርፊት ወዲያ ዓይኑ አልተጓዘም፤
ሁሉን ገዛ ሎሪስ፣ ፍሬን ግን አልያዘም።

ከመኪናው ሥር ተንጋልዬ ቁልፉን ብሎኑ ላይ አኖርሁ።
«ርገጥ» አልሁት። ረገጠ። «ያዝ።» ያዘ። ፈታሁ።
በቀጭኑ ቱቦ ቡናማው ወረደ፣ አረፋውን እያስቀደመ፤
አጠበቅሁ። «ልቀቅ።» ደግሞ «ርገጥ።» ደግሞ «ያዝ።» ጨለመ።
አራተኛው ጎማ ላይ ጠርቶ መጣ፣ እንደ ብርዝ።

ሂሳቡን ሲሰማ ሎሪስ ሳቀ፣
ከዚያ አፈረ፣ ቀዩን በጨርቅ አደረቀ።

በሳምንቱ አዲስ ጎማ አድርጎ ወደ ተራራው ወጣ።
ኖትቡርጋ ከሥራዋ አልተነሣችም፤ ጆሮዋ ግን ቁልቁለቱ ላይ ነበር፤
ጥምዝ ትቆጥራለች መሰለኝ፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።
አመሻሽ ላይ በሩ አጠገብ ጥሩምባ ሰማን።

ሽታ አልቀደመውም።