አጭሩ መንገድ

ድሬን ሠራናት፣ እኔና ኢፍቱ፣
ቁልፉ በወለቀ ላፕቶፕ፣ በሌሊቱ፤
መጋላን ነጥብ አልን፣ ከዚራንም ነጥብ፣
መስመር ዘረጋን እንደ ዓሣ መረብ፤
ሦስት መቶ ባጃጅ፣ ሰማያዊ ሁሉ፣
በየመስመሩ ላይ ይርመሰመሳሉ፤
ላብ የለ፣ አቧራ የለ፣ ቤንዚን አያልቅም፣
በዝርዝር ሳንቲም ማንም አይጨቃጨቅም።

አማካሪያችን፣ መምህር ትእዛዙ፣
«ሁሉም ባጃጆች አጭሩን ይያዙ፤
ያ ነው መመዘኛው» ብለው ፈረሙልን፣
ወበቁም፣ ትንኙም፣ ኮዱም አደሩብን።
ሊነጋጋ ሲል አንዷ ነጥብ ተራመደች፤
ኢፍቱ ከወንበሯ ዘልላ፣ «ሄደች! ሄደች!»

ሙአዝ፣ ታናሽ ወንድሟ፣ ጨዋታ አረገው፤
በእያንዳንዱ ተሳፋሪ ሳንቲም አስጨመረው፤
አርባ አንደኛዋን ነጥብ «የራጌ ናት» አላት፣
ከእራት በኋላ እየነዳ ሀብት አከማቸላት።

ራጌ ጎረቤቷ ነው፣ ባጃጅ የሚነዳ፤
ቁልፉን በጣቱ እያዞረ ገባ እንደ እንግዳ፤
«የኔዋ የቷ ናት?» አለ ተጠግቶ፣
መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አምጥቶ።
አሳየነው። ከከዚራ ተነሥታ፣ ታጥፋ፣
በሐሙድ ሱቅ በኩል ስታልፍ ተክለፍልፋ፣
«አቦ! እኔን በዚያ? ምን ነካችሁ!
ደግሞ ፊት ለፊቱ! እናንተ ልጆች፣ ጤናም የላችሁ?»
«አጭሩ ነው» አልነው።
            «ለናንተ ነው አጭሩ!
አራት መቶ ብር አለብኝ፤ ከቻላችሁ ይህን ቁጠሩ!
ከረመዳን ወዲህ በዚያ ሱቅ በር ላይ
ጡሩምባዬ አይሰማ፣ ጎማዬም አይታይ።
ይቺ ማዞሪያ ደግሞ የቀድሞ አማቴ በር ናት፤
ከስድስት ሰዓት በኋላ ያቺ ኒም ጥላ አላት፤
ዘጠኝ ሳይሞላ ከሥሯ የሚያስነሣኝ የለም፣
ሚኒስትር ቢሳፈር፣ ሙሽራ ቢሳፈር፣ አልንቀሳቀስም።»

ኢፍቱ ጻፈች ሁሉን፦ ዕዳ፣ ጥላ፣ አማት።
«የእፍረት ክብደቱ በደቂቃ ስንት?»
ራጌ አሰበበት። «እንደ ሰውየው ነው።
ለኔ አሥር ይበቃል፤ ሲያየኝ ግን ሐሙድ ነው የሚያፍረው።»

ከዚያ ጣቱ አንዲት መስመር ላይ ቆመ።
«ይቺስ?»
«ደቻቱን መሻገሪያ። ሁለት ደቂቃ።»
«በበጋ፣ አዎ፤ ሁለት ደቂቃ።
ደረቅ አሸዋ ነው። ልጅ ኳስ ያንከባልልበታል፣ ፍየል ይተኛበታል።
ነሐሴ ማታ ግን፣ እዚህ ጠብ ሳይል፣ ሰማዩ ኮከብ ሞልቶ፣
ከላይ ከደጋው...»
አልጨረሰውም። ቁልፉን ኪሱ ከተተ።
ደህና እደሩም ሳይል ወጣ።

ለዚያች መስመር ምን እንስጣት? እስኪነጋ አልተስማማንም።
«ማለቂያ የለሽ» አልኩ እኔ። «ባዶ ትሁን» አለች ኢፍቱ።
ቁጥር አልጻፍንባትም። ኮዱም በዚያ ምክንያት
ሁለቴ ወድቆ ነው የተነሣው።

በፈተናው ቀን መምህር ትእዛዙ ጠየቁ፦
«አርባ አንድ ቁጥር ለምን ትዞራለች? ስህተት ነው፣ እወቁ።»
ኢፍቱ፣ «ሰው አለባት» አለች፣ ድምጿ አንሶ።
ስድስት ማርክ ሄደ፣ በቀይ ተቀንሶ።

ወደ ቤት የወሰደን ራጌ ነው፤ በሩቁ፣ በኒሟ ሥር፣
ከሐሙድ ሱቅ ሁለት ሠፈር ርቆ፣ ፀሐይ ስትሠወር።
«ነጥቤስ?» አለ ወደ ኋላ ሳይዞር። «አለች? ትሠራለች?»
«ሙአዝ እየነዳት አራት ሺህ ሳንቲም ደርሳለች።»
«አራት ሺህ!» ፍሬኑን ያዘ። ሳቀ፣ ሳል እስኪይዘው።
«በሉ እንግዲያው፣ ከዚያ ላይ
አራት መቶ ቀንሳችሁ ስጡልኝ ለሰውየው።»